ቃታ ከመሳቡ በፊት፦ ፖሊስ፣ ገዳይ ኃይልና አማራጮቹ

ፖሊስ ኃይል የመጠቀም ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። ተጠርጣሪ ለመያዝ፣ ጠብ ለመገላገል ወይም ጥቃት ለመመከት እንደ ሁኔታው እጁን፣ ቆመጡን ወይም ጠመንጃውን ይጠቀማል። ከነዚህ ውስጥ ሞት ሊያስከትል የሚችለው፣ በተለይም መተኮስ፣ ገዳይ ኃይል ይባላል። በስህተት የታሰረ ይፈታል፤ ያለ አግባብ የተፈረደበት ይግባኝ ይላል። በጥይት ለሞተ ሰው ግን ይግባኝ የለም። የገዳይ ኃይል ጉዳይ ከሌሎች የፖሊስ ሥራዎች ሁሉ የበለጠ ጥብቅ ገደብ የሚሻው ለዚህ ነው።

ለዚህ ገደብ ዓለም አቀፍ መለኪያ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና በተካሄደ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የጸደቀው የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መሠረታዊ መርሆዎች ሰነድ ነው። በሰነዱ መሠረት ፖሊስ ሆን ብሎ ሰው ለመግደል መተኮስ የሚችለው የሰው ሕይወት ለማትረፍ ሌላ መንገድ ፈጽሞ ሲታጣ ብቻ ነው። ከመተኮሱ በፊት ማንነቱን መናገርና ማስጠንቀቅ፣ ከተኮሰ በኋላም ለተጎዳው ሰው ሕክምና ማድረስ ይጠበቅበታል። ሰነዱ መንግሥታትንም ይመለከታል፤ ፖሊሶቻቸውን ጥይት ብቻ ሳይሆን ጋሻ፣ የራስ ቁር፣ ጥይት መከላከያ ሰደሪያና የማይገድሉ መሣሪያዎች እንዲያስታጥቁ ይጠይቃል። ራሱን መከላከል የሚችል ፖሊስ ለመተኮስ አይቸኩልምና።

ሕጉ በተግባር እንዴት እንደተለወጠ የአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1974 ሌሊት አንድ የ15 ዓመት ጥቁር ልጅ ከሰው ቤት ዘርፎ አጥር ለመዝለል ሲሞክር ፖሊስ ከኋላው ተኩሶ ገደለው። ፖሊሱ በባትሪ ሲያየው መሣሪያ አልያዘም ነበር፤ የተገኘበትም አንድ ቦርሳና 10 ዶላር ነው። የቴነሲ ግዛት ሕግ በከባድ ወንጀል ተጠርጥሮ የሚሸሽን ሰው መተኮስ ይፈቅድ ነበር። አባትየው ክሱን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰ፤ በ1985 በልጁ ቤተሰብ ስም የጋርነር ጉዳይ በሚባለው ውሳኔም ለሌላው ሰው ሕይወት ወይም አካል ከባድ አደጋ የማይሆን ሸሺን መግደል ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ተፈረደ። ያም ሆኖ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በተደረገ ቆጠራ በየዓመቱ 1,000 ገደማ ሰዎች በፖሊስ ጥይት ይሞታሉ። አብዛኛው ፖሊስ ጠመንጃ ሳይታጠቅ በሚሠማራባቸው በእንግሊዝና በዌልስ ግን ቁጥሩ በዓመት በጣት የሚቆጠር ነው።

ጠመንጃን እንዲተኩ ከሚጠየቁት መሣሪያዎች በስፋት የሚታወቁት ቴዘር፣ የጎማ ጥይትና አስለቃሽ ጢስ ናቸው። ቴዘር በቀጭን ሽቦ የተያያዙ ሁለት ትናንሽ ቀስቶች ይወነጭፍና በኤሌክትሪክ ጡንቻን ለጥቂት ሰከንድ አስሮ ሰውየውን ይጥለዋል። ሁለቱም ቀስቶች ካልተሰኩ ወይም ልብሱ ወፍራም ከሆነ አይሠራም፤ የተመቱ ሰዎች የሞቱባቸው አጋጣሚዎችም አሉ። የጎማና የፕላስቲክ ጥይት በሰሜን አየርላንድ 17 ሰዎችን ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የሕክምና ጥናት በእንዲህ ያሉ ጥይቶች ጉዳት የደረሰባቸውን 1,984 ሰዎች መርምሮ 53ቱ መሞታቸውን፣ 300ዎቹም ለዘለቄታ የአካል ጉዳት መዳረጋቸውን አግኝቷል። ባለሙያዎች «የማይገድል» ከማለት «ገዳይነቱ ያነሰ» ማለትን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው።

አስለቃሽ ጢስ በጦር ሜዳ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ሲሆን ለፖሊስ ሥራ ግን ይፈቀዳል። ትልቁ አደጋው መውጫ በሌለበት ቦታ ሕዝብ ላይ ሲተኮስ ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጢስ ተተኩሶ ሕዝቡ ሲተራመስ ብዙዎች ተረጋግጠውና ጉድባ ውስጥ ወድቀው ሞቱ። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር ከ50 በላይ ሲያደርገው፣ ሌሎች ወገኖች ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ቁጥር ጠቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ደግሞ በኢንዶኔዥያ ካንጁሩሃን ስታዲየም በተመሳሳይ ሁኔታ 135 ሰዎች አልቀዋል።

ሌላው አማራጭ ሥልጠና ነው። በዚያችው በሜምፊስ እ.ኤ.አ. በ1987 ፖሊስ ቢላዋ የያዘ የአእምሮ ሕመምተኛ ተኩሶ ከገደለ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት አዲስ አሠራር ተጀመረ። ፈቃደኛ ፖሊሶች የ40 ሰዓት ሥልጠና ወስደው ርቀት መጠበቅን፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ማነጋገርንና ጊዜ መስጠትን ተማሩ፤ ሕመምተኛውንም ወደ እስር ቤት ሳይሆን ወደ ሕክምና መውሰድ ጀመሩ። አሠራሩ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛምቷል። አስፈላጊነቱን የእስራኤል ቤተ እስራኤላውያን በሐዘን ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በባት ያም ከተማ የአእምሮ ሕመም የነበረበት የ24 ዓመት ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ቢላዋ ይዞ ሳለ በፖሊስ ተተኩሶበት ሞቷል። ቤተሰቡ ፖሊስ የጠራው ለእርዳታ ነበር። ከዚያ በኋላ ሺዎች በቴል አቪቭ ለተቃውሞ ወጡ።

ይሁን እንጂ መሣሪያውም ሥልጠናውም ያለ ተጠያቂነት አይበቁም። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የሜምፊስ ፖሊሶች ታይር ኒኮልስ የተባለውን የ29 ዓመት ወጣት መኪናውን አስቁመው የበርበሬ ርጭት፣ ቴዘርና ቆመጥ ተጠቀሙበት፤ በጡጫና በእርግጫም ደበደቡት። አንድ ጥይት አልተተኮሰም፤ ወጣቱ ግን ከ3 ቀን በኋላ ሞተ። እውነቱ የታወቀው በካሜራ ስለተቀረጸ ነው፤ አምስት ፖሊሶችም ከሥራ ተባረው ተከሰሱ።

የሃቫናው ሰነድ ስለ ተጠያቂነትም አስቀድሞ አስቦበታል። ፖሊስ ተኩሶ ሞት ወይም ጉዳት ባስከተለ ቁጥር ለአለቆቹ ማሳወቅ፣ አለቆቹም ጉዳዩ በገለልተኛ አካል እንዲታይ ማድረግ አለባቸው። በሥሩ ያለ ፖሊስ አላግባብ ኃይል እንደሚጠቀም እያወቀ ያላስቆመ አለቃም ይጠየቃል። የተጎጂው ቤተሰብም የደረሰውን በፍጥነት የማወቅና ምርመራውን ፍርድ ቤት ድረስ የመከታተል መብት አለው።