ተጨማሪ መረጃ፦ ሠላሳ ጊዜ የቀጠነ መድኃኒት

ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ፣ አረቄ አብዝቶ የለመደ ሰው ጠዋት የቡና ስኒ ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ መለኪያ ሲደግም ይረጋጋል። አንጎሉ አልኮልን ስለተላመደ ሲያጣው ይታወካል። ይህ የማቋረጥ ሕመም ይባላል፤ ያልባል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሲብስም ራስን አስቶ ያንፈራግጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው «ዛሬውኑ ተው» ብሎ ቤት ውስጥ መዝጋት አደገኛ ነው፤ ቦታው ሆስፒታል ነው። ለሆሳዕና ቅርቡ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 ያዝዛሉ።

በውጭው ዓለም ለዚሁ ሱስ ሆሚዮፓቲን የሚሞክሩ አሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን እ.ኤ.አ. በ1796 ያስተዋወቀው ዘዴ ሲሆን፣ ሕመም የሚያመጣ ነገር እጅግ ሲቀጥን ያድናል ባይ ነው። «30ሲ» የተባለው መድኃኒት 1 ጠብታ በ99 ጠብታ ፈሳሽ እየተበጠበጠ 30 ጊዜ የቀጠነ ነው። ከ12ኛው ዙር በኋላ ከመነሻው ነገር አንድ ሞለኪውል መቅረቱ እንኳ ያጠራጥራል። ማቅጠኛው ብዙ ጊዜ ራሱ አልኮል መሆኑ ደግሞ ፈገግ ያሰኛል!

እ.ኤ.አ. በ2015 የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በዘዴው ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ፈትሾ፣ ሆሚዮፓቲ እንደሚፈውሰው አስተማማኝ ማስረጃ ያለው አንድም በሽታ አላገኘም።

ሞክሩት፦ 1 ጠብታ ቀይ ቀለም በ99 ጠብታ ውኃ በጥብጡ፤ ከድብልቁ 1 ጠብታ ወስዳችሁ ድገሙት። ቀለሙ በስንተኛው ዙር ከዓይናችሁ ተሰወረ?