መዝገቡ የጠፋበት አብራሪ

ሰው በዕድሜው ዘመን የሚሰበስባቸው ሰነዶች አብዛኞቹ ቅጂያቸው በሌላ ስፍራ ተጠብቆ ይኖራል፤ የጋብቻ ውል ቢቃጠል በማዘጋጃ ቤት ይገኛል፣ የትምህርት ምስክር ወረቀት ቢጠፋ ትምህርት ቤቱ የድሮ መዝገቡን ገልጦ ሌላ ይሰጣል፣ የአውሮፕላን ማብረሪያ ፈቃድ እንኳ ቢጠፋ በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በኦክላሆማ ሲቲ ከሚገኘው የአብራሪዎች መዝገብ ቤቱ 2 ዶላር ተቀብሎ ምትኩን ይልካል። ያ ፈቃድ የቆመበት መሠረት ግን፣ ይኸውም አብራሪው ከመጀመሪያው የትምህርት ቀን አንሥቶ ወደ ሰማይ የወጣባቸውን ጉዞዎች ሁሉ በገዛ እጁ የጻፈበት፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ ሎግቡክ የሚባለው የበረራ መዝገብ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ቅጂ ብቻ ያለውና ከባለቤቱ በቀር ሌላ ጠባቂ የሌለው መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ በውጭ መልኩ ተራ የሒሳብ ደብተር ይመስላል። በየመስመሩ ቀኑ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትና በጅራቱ ላይ የተጻፈው የምዝገባ ምልክት፣ የተነሣበትና ያረፈበት ስፍራ፣ በረራው የፈጀውም ጊዜ ይሰፍራል፤ ጊዜውም እንደ ጠባዩ ተለይቶ በየዓምዱ ይገባል፤ በቀን እንደ ሆነ ወይም በሌሊት፣ ከአስተማሪ ጋር እንደ ሆነ ወይም ለብቻ፣ በረዳትነት እንደ ሆነ ወይም በአዛዥነት፣ ምድርን በዓይን እያዩ እንደ ሆነ ወይም በደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ተቀጽላ እንደሚተረጉመው፣ የአውሮፕላን የበረራ ጊዜ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ለመነሣት ሲል መጀመሪያ ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት አንሥቶ በረራውን ፈጽሞ ጨርሶ እስኪቆም ድረስ ነው፤ አብራሪዎችም አንዱን ሰዓት ለአሥር ከፍለው ጊዜውን በስድስት በስድስት ደቂቃ ይመዘግቡታል። በዚህ ዓይነት በጥቂት በጥቂቱ፣ በብዙ ዓመት ትጋትና በብዙ ገንዘብ የሚከማች ሀብት በመሆኑ፣ አንድ ቀን ከእጅ ሲወጣ ባለቤቱ የሚሰማው ሐዘን ለሌላው ሰው የተጋነነ ቢመስል አያስደንቅም።

ሀብቱ የሚመነዘረው በፈቃድ ነው። በአሜሪካ ሕግ ለግል አብራሪነት ቢያንስ 40 ሰዓት፣ ለተከፋይ አብራሪነት በመደበኛው መንገድ 250 ሰዓት፣ ለአየር መንገድ አብራሪነት ደግሞ 1,500 ሰዓት ይጠየቃል፤ ከአዛዡ አጠገብ የሚቀመጠው ረዳት አብራሪም በዚህ በመጨረሻው ልክ እንዲመዘን የተደረገው፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 የኮልጋን አየር መንገድ አውሮፕላን በቡፋሎ ከተማ አጠገብ ወድቆ 50 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ በ2010 በወጣው ሕግና ሕጉን ተከትሎ በ2013 በተደነገገው ደንብ ነው። በዚያ አደጋ የሞቱት ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ የነበራቸው መሆኑን እዚህ ላይ መሰወር ተገቢ አይደለም፤ የሰዓት ብዛት ብቻውን ከስሕተት አያድንምና። ሆኖም በእኛ በኢትዮጵያውያን ልብ ታትሞ የቀረውን አንድ ቀን እናስታውስ፤ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠላፊዎች ያገቱት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮቹ በጠፉ ጊዜ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ አውሮፕላኑን በኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ውሃ ላይ አሳርፈው ከ175 ሰዎች 50ዎቹ በሕይወት ሲተርፉ፣ በመሪው ላይ የነበረው እጅ ከ11,500 ሰዓት በላይ በሰማይ የሠራ እጅ ነበር። መዝገብ የሚመሰክረው ስለዚህ ዓይነቱ ልምድ ነው፤ ተሳፋሪውም አብራሪውን ሳያውቀው ነፍሱን አደራ የሚሰጠው ይህ ምስክርነት እውነት ነው ብሎ ነው።

መዝገቡ የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው። አብራሪ መጽሐፉን ከካርታውና ከጆሮ ማዳመጫው ጋር በአንድ ቦርሳ ይዞ ስለሚዞር፣ የመኪና መስተዋት ሰብሮ ቦርሳውን የሚወስድ ሌባ ለራሱ የማይረባውን ለባለቤቱ ግን ተመን የሌለውን ነገር ይዞ ይሄዳል፤ ቤት ይቃጠላል፣ ጎርፍ ይገባል፣ ዕቃ ከከተማ ወደ ከተማ ሲጓዝ አንድ ሳጥን ሳይደርስ ይቀራል። ሀገሩን በድንገት ለቅቆ የተሰደደ አብራሪ ደግሞ፣ የአንገት መስቀሉንና የልጆቹን ፎቶግራፍ ሲይዝ የሃያ ዓመት መዝገቡን በቢሮው መሳቢያ ውስጥ ትቶት ሊወጣ ይችላል።

እንግዲህ ሕጉ ለዚህ ሰው ምን ይለዋል? የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር ለተቆጣጣሪዎቹ በሰጠው መመሪያ ላይ የደነገገው ነገር ርኅራኄና ጥንቃቄ የተገናኙበት ነው፤ መዝገቡ የጠፋበት አብራሪ ከዚህ በፊት የበረረውን ሰዓት ዘርዝሮ፣ ፈርሞ፣ እኛ ዘንድ ውልና ማስረጃ እንደምንለው ባለ ሹም ፊት አረጋግጦ የሚያቀርበው ቃል ለአዲስ መዝገብ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ቃሉ ብቻውን እንዳይቆም በሚገኘው ማስረጃ ሁሉ መደገፍ አለበት። በአባቶቻችን ዘመን የርስት ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ጽሑፍ ያልተገኘለት ባለ ርስት አዋሳኞቹንና የሀገር ሽማግሌዎቹን ቆጥሮ ድንበሩን በምስክር ያቆም እንደ ነበረ፣ ይህም አብራሪ በየስፍራው ተበትነው የሚገኙትን የሰማይ ጎረቤቶቹን እየዞረ መጥራት አለበት።

ከምስክሮቹ ሁሉ የሚቀድመው አብራሪው ራሱ በድሮ ጊዜ ለመንግሥት የሰጠው ቃል ነው። ለእያንዳንዱ ፈቃድ ባመለከተ ጊዜ በማመልከቻው ቅጽ ላይ እስከዚያ ቀን የበረረውን ሰዓት በየዓይነቱ ከፋፍሎ ሞልቶ ነበር፤ ቅጹም ከግል ማኅደሩ ጋር በመንግሥት እጅ ስለሚቀመጥ ጽፎ የማኅደሩን ግልባጭ ማስመጣት ይችላል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ምስክር የሐኪሙ መዝገብ ነው። አብራሪ ለሕክምና ምርመራ በቀረበ ቁጥር እስከ ዕለቱ የበረረውን ጠቅላላ ሰዓትና ባለፉት 6 ወራት የበረረውን ለይቶ እንዲጽፍ ይጠየቃል፤ አንደኛ ደረጃ የጤና ማረጋገጫ የሚያስፈልገው የአየር መንገድ ካፒቴን 40 ዓመት ከሞላው በኋላ በየ6 ወሩ ስለሚመረመር፣ ቅጾቹ በተርታ ሲደረደሩ የሙያ ዘመኑ ደረጃ በደረጃ ይታያል። ስለ ጤና ሲጠየቅ የሞላው ወረቀት ከዓመታት በኋላ ስለ ሙያው ሊመሰክርለት መምጣቱ ለእኔ እጅግ የሚያስደስት ነገር ነው።

ሦስተኛው ምስክር አፍ የሌለው አውሮፕላኑ ነው። እያንዳንዱ አውሮፕላን የራሱ የጥገና መዝገብ አለው፤ ሰዎችን በክፍያ ለመጫን ወይም በክፍያ ለማስተማሪያ የሚያገለግለው ደግሞ በየ100 ሰዓቱ ስለሚመረመር፣ የሞተሩ ቆጣሪ በየትኛው ቀን በስንት ላይ እንደ ነበረ በመካኒኩ እጅ ተጽፎ ይገኛል። የኪራይ ደረሰኝ ከዚህ ጋር ሲጋጠም ቀኑና ሰዓቱ ይገለጣል፤ የነዳጅ ሒሳብ፣ የባንክ ዝርዝር፣ ከባዕድ አውሮፕላን ማረፊያ የተላከ የማሳረፊያ ክፍያ ወረቀት፣ ከጓደኛ ጋር የተነሡት ቀን ያለበት ፎቶግራፍ ሳይቀር ሁሉም ይረዳል። አብራሪው በተማሪነቱ ዘመን የበረረውን ለማስረዳት የሚፈልግ እንደ ሆነ፣ በአሜሪካ ሕግ አስተማሪ ለብቻ በረራና ለፈተና የፈቀደላቸውን ሰዎች መዝገብ ቢያንስ 3 ዓመት የመጠበቅ ግዴታ ስላለበት፣ ቶሎ ወደ እርሱ የሄደ ይጠቀማል፤ የዘገየ ግን ሕጉ ከአስተማሪው ትከሻ ላይ ግዴታውን ካወረደ በኋላ ይደርሳል።

በጦር ኃይል የበረረ ሰው ሌላ ተስፋ አለው፤ ወታደር ቤት ሰነድ ማብዛት ልማዱ ነውና። ነገር ግን ያም ቢሆን ሁልጊዜ አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የአሜሪካ የወታደሮች መዝገብ ቤት በእሳት ተያይዞ፣ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት የግል ማኅደር አመድ ሆነ፤ ከጠፋውም መካከል ከ1947 እስከ 1964 ከአየር ኃይሉ የተሰናበቱ የብዙ ሰዎች ማኅደር ነበረበት። ከሀገሩ ለተሰደደው አብራሪ ደግሞ መንገዱ ረዘም ይላል። የውጭ ሀገር ፈቃድ ይዞ በአሜሪካ ማብረር የሚፈልግ ሰው ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን የሰጠው ሀገር ባለሥልጣን እንዲያረጋግጥ ይጠየቃልና፣ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መላክ ወይም አለመላክ የዕድሜ ልክ ሙያውን ይወስናል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በጠረጴዛው ላይ የደረሰው የመዝገብ ሹም ሁሉ፣ የሚያገላብጠው ወረቀት በሩቅ ሀገር ያለ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ መሆኑን ቢያስብ ደስ ይለኛል።

ማስረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ ከሁሉ የሚበልጥ ታማኝነት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ጠቅላላውን ቁጥር ማግኘት የሚቀለው ክፍል ነው፤ የሌሊቱን ከቀኑ፣ የመሣሪያውን ከዓይኑ፣ የአዛዥነቱን ከረዳትነቱ መለየት ግን ያስቸግራል፤ ደረሰኝ ስንት ሰዓት እንደ ተከራየ ይናገራል እንጂ ፀሐይ ጠልቃ እንደ ነበረ አይናገርም። በዚህ ጊዜ ልባም አብራሪ ያልተመሰከረለትን ሰዓት በዓምዱ ውስጥ አያስገባም። የሞተሩን ዑደት ተከትሎ የሚቆጥረው ቆጣሪ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ከእውነተኛው ጊዜ ያነሰ ስለሚመዘግብ፣ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ድምር ከተበረረው ጥቂት ያንሳል፤ ይህም ጉድለት ቢሆን ጉድለቱ ባለቤቱን እንጂ ተሳፋሪውን አይጎዳም። 1,480 ሰዓት ማስረጃ ያለው ሰው ሃያውን ሰዓት ከትዝታው ጨምሮ 1,500 ቢሞላ ማንም አያየው ይሆናል፤ እኔ ግን ሃያውን እንደ ገና ቢበርር እመርጣለሁ፤ ወጪው ከባድ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ።

ሕጉም በዚህ ነገር ቸልታ የለውም። በበረራ መዝገብ ላይ ሆነ ብሎ ሐሰት የጻፈ ሰው ያሉትን ፈቃዶች ሁሉ ሊያጣ ይችላል፤ ፈቃዱ የተሰረዘበትም ሰው በመደበኛው ደንብ 1 ዓመት ሳይሞላ ሌላ ማመልከት አይችልም፤ ለፌዴራል መንግሥት ሐሰተኛ ቃል መስጠት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል። መዝገቡ የጠፋበት ሰው በተለይ ሊጠነቀቅ የሚገባው ጥርጣሬ አስቀድሞ ስለሚጠብቀው ነው። ስለዚህ በአዲሱ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የቀድሞው መቼና እንዴት እንደ ጠፋ በግልጽ ጽፎ፣ የተረጋገጠውን ቃሉንና የማስረጃዎቹን ግልባጭ ከመጽሐፉ ጋር አያይዞ ቢይዝ፣ በኋላ ለሥራ ሲቀርብ የሚመረምረው ሰው ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ድምር ከማየት ይድናል። ይህን አዲስ መዝገብ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በኮምፒዩተርም መያዝን ሕጉ ይፈቅዳል፤ ወረቀት የሚወድ ሰው ደግሞ ገጹ በሞላ ቁጥር በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ በሌላ ስፍራ ቢያኖር የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ከሰዓቱ ሌላ በጠፋው መጽሐፍ ውስጥ የነበሩ የአስተማሪዎች ፊርማዎች አሉ። የኋላ ጎማ ባለው አውሮፕላን ወይም ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ ባለው ሞተር እንዲበርር የተሰጠው ምስክርነት የተጻፈው በዚያው መጽሐፍ ላይ ነው፤ አስተማሪው በሕይወት ካለና መዝገብ ከያዘ እንደ ገና ይጽፍለታል፤ ከሞተ ወይም ካልተገኘ ግን አብራሪው ከሌላ አስተማሪ ጋር ወጥቶ ችሎታውን በአየር ላይ ማሳየት አለበት። እንደዚሁም ማንኛውም አብራሪ በ24 ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ከአስተማሪ ጋር ቢያንስ 1 ሰዓት በቃል 1 ሰዓትም በበረራ መፈተን፣ መንገደኛ ለመጫንም ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ 3 ጊዜ መነሣትና 3 ጊዜ ማረፍ ይጠበቅበታል፤ ይህን መፈጸሙን የሚያሳየው ጽሑፍ የጠፋበት ሰው የቀድሞውን ፈተና ለማስረዳት ወራት ከሚደክም፣ አስተማሪ ይዞ በአንድ ጧት ሁሉንም እንደ ገና ቢፈጽም ይቀለዋል፤ የዚያ ጧት በረራና የአስተማሪው ፊርማም ከተሸጋገረው ድምር በታች በአዲሱ መዝገብ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፋል።