በግድግዳ ውስጥ የገባ ተርብ

በከላላ ደጋ ተማግሮ በጭቃ በተመረገ ቤት የሚኖር ወጣት ሠራተኛ፣ በምርጊቱ ስንጥቅ ተርብ ሲመላለስ ቢያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ቀዳዳውን መድፈን ነው። መውጫ ያጣ ተርብ ግን ሌላ ስንጥቅ ፈልጎ ወደ መኝታው ክፍል ይገባል። እሳትማ የባሰ ነው፤ ማገሩ ደረቅ እንጨት መሆኑ አይዘነጋ።

አስቀድሞ ተርብ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። ፀጉራም ከሆነ ንብ ነውና ንብ አንቢ ይጠራ፤ ወደ ቀፎ ያገባዋል። ተርብ ግን ወገበ ቀጭን ነው፤ ንብ ሰውን ከነደፈች መንደፊያዋን ትታ ትሞታለች፣ እርሱ ግን ደጋግሞ ይነድፋል።

ቤቱን የሚሠራው እንጨት አኝኮ በምራቁ እየለወሰ ነው። ሬኦሚር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1719 ይህን ተመልክቶ ወረቀት ከእንጨት ሊሠራ እንደሚችል አመለከተ፤ በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ወረቀት የሚሠራው ከአሮጌ ጨርቅ ነበር። ጋዜጣ አንባቢ ለተርብ ጥቂት ምስጋና ሳይኖርበት አይቀርም!

ማጥፋት ግድ ከሆነ፣ ከመሸ በኋላ ብርዱ ሲያደነዝዘው ፊትንና እጅን ሸፍኖ ለቤት ተባይ የተፈቀደ ዱቄት በቀዳዳው መንፋት ነው። ለሰብል የተገዛ መርዝ በሚተኙበት ግድግዳ አይደረግ። ቀዳዳው የሚመረገው ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ የሚገባና የሚወጣ ሲጠፋ፣ ጎጆው ተፍቆ ከወጣ በኋላ ነው። ቀድሞ ተነድፎ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሥራውን ለሌላ ይተው፤ ከተነደፈም በኋላ ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሹ ካጠረ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።