ግሪሳ፣ ማሽላና ገበያ

የማሽላው እሸት ወተት መያዝ በሚጀምርበት ወራት በቆላው አገር ያለ ገበሬ ዓይኑን ከሰማይ አያነሣም። በአዋሽ ሸለቆ፣ በቀወትና በሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ ወደ ደቡብም በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ሁሉ፣ ግሪሳ የሚባለው ትንሽ ወፍ እንደ ጢስ እየተጠቀለለ በመጣ ጊዜ የዓመት ልፋት በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶ አገዳ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ጉዳይ እስካሁን የገበሬው ብቻ ጭንቀት ተደርጎ ሲቈጠር ኖሯል። ነገር ግን ማሽላ በኢትዮጵያ ከጤፍ፣ ከበቆሎና ከስንዴ ጋራ በግንባር ቀደምትነት የሚጠራ እህል ስለ ሆነ፣ ወፍ የበላው ኩንታል ወደ መጋዘን ያልገባ፣ በመኪናም ያልተጫነ ኩንታል ነው። ከዚህም በላይ ነጋዴው ሳያስበው የጉዳዩ ተካፋይ የሆነበት መንገድ አለ፤ ይኸውም ለየትኛው ማሽላ የተሻለ ዋጋ እንደሚከፍል በሚወስንበት ጊዜ ነው።

ግሪሳ ከድንቢጥ የማይበልጥ፣ ክብደቱም ከ15 እስከ 20 ግራም የሚሆን፣ ምንቃሩ ቀይ የሆነ ወፍ ነው። የሚኖረው ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል ሲሆን፣ ከዱር ወፎች ሁሉ በብዛት የሚወዳደረው እንደሌለ ሊቃውንት ይናገራሉ። አንዱ ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል ፍሬ ይበላል። ይህ ለብቻው ሲታይ ከምንም አይቈጠርም፤ ነገር ግን መንጋው አንድ ሚሊዮን ቢሆን የዕለት ቀለቡ 10,000 ኪሎ፣ ማለት 100 ኩንታል ይሆናል። አንድ ሚሊዮን ደግሞ ለግሪሳ መንጋ እጅግ የበዛ ቁጥር አይደለም። እርግጥ ነው፣ የሚበላው ሁሉ የሰው እህል አይደለም፤ ይህን የዘነጋ ሰው ሒሳቡን ያበላሻል።

ግሪሳ በተፈጥሮው የዱር ሣር ፍሬ ለቃሚ ነው። ጥቃቅኑ የሣር ፍሬ ለምንቃሩ ስለሚመቸው፣ እርሱ በበቂ እስካለ ድረስ የሚያዘወትረው ሣሩን ነው። የበቆሎ ፍሬ ግን ስለሚተልቅበት አይደፍረውም። ዝናም ሲጥል በመሬት ላይ የረገፈው የሣር ፍሬ ሁሉ ስለሚበቅል ወፉ የሚለቅመውን ያጣል። በዚያን ጊዜ በሰውነቱ ስብ አጠራቅሞ፣ ዝናም ቀደም ብሎ ወደ ዘነበበትና አዲስ ሣር ወዳፈራበት አገር ይሰደዳል። ጎጆ ከመሥራት አንሥቶ ጫጩቱ ራሱን እስኪችል ድረስ ያለው ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ግሪሳ በአንድ የዝናም ወራት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊፈለፍል ይችላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የተደረገው ጥናት ወፎቹ በደቡብ በኩል ጫጩት ካሳደጉ በኋላ ወደ አዋሽ ሸለቆ ተሻግረው እንደ ገና እንደሚፈለፍሉ አመልክቷል።

የመሬቱ አያያዝ ከወፉ ጋራ የሚገናኘው እንግዲህ በዚህ ላይ ነው። ሣር ይበቅልበት የነበረው ሜዳ ሲታረስ፣ የቀረውም በከብት ብዛት ሲጋጥ፣ የወፉ ዋና ቀለብ ይቀንሳል። በአፋር በኩል ፕሮሶፒስ የተባለው ከውጭ የገባ እሾሃማ ዛፍ ሰፊ የግጦሽ መሬት ሸፍኖ ሣሩን አጥፍቷል። በሌላ ወገን በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአዋሽ ዳርቻ የመስኖ እርሻ እየሰፋ ሄዷል። መስኖ በበጋም ውሃ እንዳይጠፋ ያደርጋል፤ በቦዩ ዳርና በእርሻው መካከል የሚበቅለው አረም ፍሬ ይሰጣል፤ ውሃው በሚተኛበትም ቦታ ፊላ ይበዛል። ግሪሳ ደግሞ ለማደሪያው ከግራር እሾህ ሌላ የሚመርጠው ፊላንና የሸንኮራ አገዳን ነው። ስለዚህ ሰው በአንድ እጁ የወፉን ምግብ ሲነሣው፣ በሌላው እጁ ውሃና መኝታ አዘጋጅቶለታል፤ ከመኝታውም አጠገብ ማሽላ ዘርቶበታል። በአውሮፓ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑ ያስገርማል፤ በዚያ አገር እርሻው እየጠነከረ በመሄዱ ከ1980 ወዲህ የእርሻ ወፎች ቁጥር ከግማሽ በላይ ወርዷል። ማረሻው አንዱን ወፍ ሲያጠፋ ሌላውን ወደ ሰው ማሳ ያስጠጋዋል።

ጉዳቱ በአገር ደረጃ ሲደመር ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ምርት ትንሽ እጅ ብቻ ሆኖ ይገኛል። የአዲስ አበባ የእህል ነጋዴ የግሪሳን መምጣት በዋጋው ላይ ላያየው የሚችለውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ጉዳቱ እኩል አይከፋፈልም፤ የአንዱ ገበሬ ማሳ ሳይነካ የጎረቤቱ ማሳ እስከ መጨረሻው ራስ ድረስ ይራቈታል። በዚያን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ነጋዴ የወረዳው ባለሱቅ ነው። ጨውን፣ ዘይትን፣ ልብስን፣ ማዳበሪያን በዱቤ ሰጥቶ መኸሩን ይጠብቅ የነበረ ሰው፣ መዝገቡ ላይ የጻፈው ገንዘብ በወፍ እንደ ተበላ የሚረዳው ገበሬው በገበያ ቀን ሳይመጣ ሲቀር ነው።

አሁን ወደ ዘሩ እንመለስ። የእርሻ ምርምር ጣቢያዎች ዝናም ለሚያጥረው ቆላ ቶሎ የሚደርስ፣ አገዳው አጭር፣ ፍሬውም ነጭ የሆነ ማሽላ አውጥተዋል፤ ከመልካሳ የምርምር ማእከል የወጣው «መልካም» የተባለው ዘር ከነዚህ አንዱ ነው። ለድርቅ ጥሩ መልስ ነው። ሆኖም ከጎረቤት ማሳ ቀድሞ የሚደርስ እሸት በአካባቢው ያለውን ወፍ ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል፤ ፍሬውም የማይመር ስለ ሆነ ወፉ አይተወውም። በዚህ ምክንያት የተሻሻለውን ዘር አንድ ዓመት ሞክረው ወደ አባቶቻቸው ዘር የተመለሱ ገበሬዎች አሉ፤ የባለሙያ ምክር አልሰማ ብለው ሳይሆን ሒሳብ ስለሚያውቁ ነው።

ዘንጋዳና ሌሎቹ ቡናማ ማሽላዎች በፍሬያቸው ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለባቸው። ይህ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው፣ በሻይም ውስጥ አፍ የሚያኮማትረው ነገር ነው። ወፉ ሌላ ምርጫ ሲያገኝ ይህን ማሽላ ይሸሸዋል፤ እጅግ በተራበ ጊዜ ግን እርሱንም ይበላል። በገበያ ላይ ለእንጀራ የሚፈለገው ነጩ ማሽላ ነው፤ ቡናማው በአብዛኛው ለጠላና ለአረቄ ይሄዳል፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ገበሬው በሚዘራበት ቀን የሚመርጠው ሁለት ነገር ነው፦ ወይ ነጩን ዘርቶ ከወፍ የተረፈውን በጥሩ ዋጋ መሸጥ፣ ወይ ቡናማውን ዘርቶ ሙሉውን ምርት በርካሽ መስጠት። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ መጠን ነጩ ማሽላ ወፍ ወዳለበት አገር ጭምር እየገባ ይሄዳል። ይህን ልዩነት የሚያሰፋውም የሚያጠበውም ገዢው ነው።

ነጩን የመረጠ ገበሬ ማማ መሥራት አለበት። ጥበቃው ፍሬው ወተት ከያዘበት ቀን አንሥቶ እስከ ቈረጣው ድረስ ሳያቋርጥ ይቈያል። ወፉ በማለዳና ወደ ማታ አጥብቆ ስለሚመጣ፣ ጠባቂው ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሲጨልም ይወርዳል። በወንጭፍ ይወረውራል፣ ጅራፍ ያጮኻል፣ ቆርቆሮ ይመታል፤ በአንዳንድ ቦታም አሮጌ የካሴት ክር በማሳው ላይ ዘርግተው ነፋስ እንዲያጮኸው ያደርጋሉ። ወፉ ግን ብልህ ነው፤ ድምፅን ቶሎ ይለምዳል። ማማው ላይ የሚውሉት ብዙውን ጊዜ ልጆች ናቸው። የትምህርት ቤት መከፈቻና የማሽላ ጥበቃ በአንድ ወራት ስለሚውሉ፣ በኩንታል ዋጋ ላይ ያልተጻፈው ወጪ ይህ ነው።

መንግሥታት የያዙት መንገድ መርዝ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣ ሌላ የግሪሳን መከላከል በሥራው ውስጥ ይዟል። ፌንቲዮን የተባለው መድኃኒት ወፎቹ ለማደር በተሰበሰቡበት ዛፍና ፊላ ላይ በምሽት በአይሮፕላን ይረጫል። በማሳ አጠገብ ያለውን መንጋ ለማስወገድ ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ለአሥርት ዓመታት በአፍሪካ ከተረጨው ሁሉ በኋላ የግሪሳ ጠቅላላ ቁጥር ቀነሰ የሚያሰኝ ነገር አልታየም። መድኃኒቱ የነርቭ መርዝ ስለ ሆነ፣ የሞተውን ወፍ የሚበሉት ንስርና ጭልፊት አብረው ይሞታሉ፤ የወደቀውን ለቅሞ ለምግብ የሚወስድ ሰውም ይመረዛል።

አስመጪዎች በዚህ መድኃኒት ላይ የመጣውን ለውጥ ማወቅ ይገባቸዋል። ቻድ ባቀረበችው ሐሳብ መሠረት፣ በአንድ ሊትር ውስጥ 640 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ፌንቲዮን የያዘው፣ በአይሮፕላን እንደ ጉም የሚረጨው ዓይነት በሮተርዳም ስምምነት ዝርዝር እንዲገባ በተከታታይ ጉባኤዎች ሲጠየቅ ኖሮ፣ አባሎቹ አንድ ሐሳብ ላይ ባለመድረሳቸው ሲተላለፍ ቈይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2025 ጄኔቭ ላይ በተደረገው ጉባኤ ግን ወደ ዝርዝሩ ገብቷል። ይህ መከልከል አይደለም፤ ላኪው አገር ዕቃውን ከመላኩ በፊት የተቀባዩ አገር መንግሥት በጉዳዩ ላይ የሰጠውን ውሳኔ እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ነው። ስለዚህ ትእዛዝ ከመስጠት በፊት የኢትዮጵያን ውሳኔ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለሱቁም የፀረ ተባይ መድኃኒት ባዶ ጀሪካን በርካሽ ሲቀርብለት ለዘይትና ለውሃ መያዣ ብሎ አይግዛው፤ ታጥቦም አይጠራም።

ሌላ መንገድ የሞከሩ አገሮች አሉ። በታንዛኒያ በኮንዶዋ አውራጃ፣ በቻድም እንዲሁ፣ ሰዎች ግሪሳን ከማደሪያው በመረብ ይዘው ለምግብ ይሸጡታል፤ ያልተመረዘ ሥጋ በገበያ ዋጋ አለው። በኢትዮጵያ ይህን ወፍ መብላት የብዙ ሰው ልማድ ስላልሆነ ሥራው እንደዚያው ይስፋፋል ብሎ መናገር አይቻልም፤ መረቡ ራሱ ግን ትንንሽ የዘር ብዜት ማሳዎችን ለመሸፈን ይጠቅማል።

ከመኸር በፊት ገንዘብ ሰጥቶ ማሽላ የሚዋዋል ነጋዴ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከውሉ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡት ነገሮች የፍሬው ቀለም፣ የተዘራበት ሳምንት፣ ማሳውም ከፊላ ወይም ከሸንኮራ አገዳ ምን ያህል እንደሚርቅ ናቸው። ከሁሉም ይልቅ የጎረቤቶቹ ማሳ በዚያው ሳምንት ተዘርቶ እንደ ሆነ ይጠይቅ። አካባቢው በሙሉ አንድ ጊዜ ሲደርስ ወፉ በብዙ ማሳ ላይ ስለሚበተን፣ ከእያንዳንዱ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ ለብቻው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የደረሰ ማሳ ግን የመንጋውን ሁሉ ቀለብ ብቻውን ይከፍላል።