ሲስተምሬስክዩ፦ ዊንዶውስ አልነሣም ሲል ፋይል የሚያወጣው ፍላሽ

መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልነሣም ይላል። ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፤ ወይም በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ያወጣና እዚያው ይቀራል። ጥገና ቤት ሲወሰድ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ፎርማት መደረግ አለበት።» ፎርማት ኮምፒውተሩን ያስነሣው ይሆናል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የሱቁን ሒሳብና የሠርጉን ፎቶ ግን ይዞ ይሄዳል። የሚያሳዝነው፣ በአብዛኛው የተበላሸው ዊንዶውስ እንጂ ፋይሉ አለመሆኑ ነው። ሲስተምሬስክዩ የተሠራው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ሲስተምሬስክዩ በፍላሽ ወይም በሲዲ የሚያዝ፣ ራሱን የቻለ የሊኑክስ ሥርዓት ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሃርድ ዲስኩ ሳይሆን ከፍላሹ ይነሣል፤ ሥራውንም ራም ላይ ያከናውናል። ሃርድ ዲስኩን በራሱ አይከፍትም፤ ካልታዘዘም ምንም አይጽፍበትም። ዋጋ አይጠየቅበትም፤ 2 ጊጋባይት ፍላሽም ይበቃዋል።

ከሲዲ የሚነሣ ሊኑክስን በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ኖፒክስ፣ 2 ጊጋባይት የሚሆን ሶፍትዌር ተጨምቆ 700 ሜጋባይት በሚይዝ ሲዲ ላይ እንዲገባ አድርጎ ብዙዎችን አስገረመ። ኖፒክስ ለሁሉም ዓይነት ሥራ የታሰበ ነበር። ፍራንሷ ዱፑ በ2003 ያወጣው ሲስተምሬስክዩ ግን ለጥገና ብቻ የተሰናዳ ነው።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። የሥርዓቱን ፋይል ከድረ ገጹ አውርዶ በደህና ኮምፒውተር፣ ለምሳሌ ሩፎስ በሚባለው ፕሮግራም፣ ፍላሹ ላይ መጻፍ። በዚህ ጊዜ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ቀጥሎ የታመመውን ኮምፒውተር ሲያበሩ የቡት ምርጫ የሚያወጣውን ቁልፍ መጫን፤ ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። በአዳዲስ ማሽኖች ላይ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን ጥበቃ አስቀድሞ ማጥፋት ያስፈልጋል። ሥርዓቱ ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣው ትእዛዝ መጻፊያ ጥቁር ስክሪን ነው፤ በማውስ መሥራት የሚፈልግ ሰው «ስታርትኤክስ» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ይጽፋል።

የመጀመሪያው ሥራ ጥገና አይደለም፤ ሃርድ ዲስኩን ለማንበብ ብቻ ከፍቶ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ ማድረግ ነው። በየኢንተርኔት ቤቱ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው ሾርትከት ቫይረስም እዚህ ጉልበት የለውም። ቫይረሱ የደበቃቸው ፎልደሮች በሊኑክስ ላይ ይታያሉ፤ ለዊንዶውስ የተዘጋጀው ሾርትከትም አይነሣም።

ዲስኩ ራሱ መድከም ከጀመረ ዲዲሬስክዩ አለ። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ክፍል ሁሉ ያወጣል፤ ወደተጎዳው የሚመለሰው በኋላ ነው። የደረሰበትን በካርታ ፋይል ስለሚመዘግብ፣ ካርታው በሌላ ዲስክ ላይ እስከተቀመጠ ድረስ መብራት ቢሄድም ካቆመበት ይቀጥላል።

ፓርቲሽን ሲጠፋ ወይም ፋይል በስሕተት ሲሰረዝ ደግሞ የክሪስቶፍ ግሬኒየር ሁለት ሥራዎች ይደርሳሉ። ቴስትዲስክ የጠፋውን ፓርቲሽን ፈልጎ ወደ ቦታው ይመልሳል። ፎቶሬክ ፋይሉን የሚለየው በይዘቱ ነው፤ የጄፔግ ፎቶ ሁሉ በተመሳሳይ ባይቶች ስለሚጀምር ያንን ምልክት እየተከተለ ይለቅማል። የመዝገብ ቤቱ ዝርዝር ቢቃጠልም ፋይሎቹ በየመደርደሪያው ላይ እንዳሉ ማለት ነው። ሆኖም የፋይሉ ስም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ የተገኘውም በዚያው ዲስክ ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ገና ያልተገኘውን ይሸፍነዋልና።

የዊንዶውስ የይለፍ ቃል ለጠፋበትም ቻንትፒደብልዩ የሚባል መሣሪያ አለ፤ በኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተን አካውንት የይለፍ ቃል ያነሣል። ይህ ግን ማስጠንቀቂያም ነው። ላፕቶፕዎን የሰረቀ ሰው ይህን የመሰለ ፍላሽ ከያዘ የይለፍ ቃልዎ ፋይልዎን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ምስጠራ ብቻ ነው።

ምስጠራው ባለቤቱንም አያስገባም። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ ምስጠራ ከተቆለፈ ባለ 48 አኃዙ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ከሌለ ፍላሹ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ራሱ ዊንዶውስ ያንኑ ቁልፍ እንዲጠይቅ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ቁልፉን አስቀድሞ መያዝ ይገባል። በኤስኤስዲ ላይ የተሰረዘ ፋይልም ትሪም በሚባለው አሠራር ቶሎ ስለሚጸዳ ተስፋው የመነመነ ነው። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ወዲያው ማጥፋት ነው፤ ያ የሶፍትዌር ሳይሆን የአካል ጉዳት ነው፤ እያበሩ መሞከር ያባብሰዋል።

እንግዲህ ፍላሹን ማዘጋጀት የሚበጀው ኮምፒውተሩ ደህና ሳለ ነው፤ ከተበላሸ በኋላ ለማውረድ የሌላ ሰው ኮምፒውተር መለመን ይመጣል። ጥገና ቤት ሄደው «ፎርማት ይደረግ» ሲባሉም እሺ ከማለትዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ፋይሉ ወጥቷል ወይ?» ካልወጣ ፎርማት አያስደርጉ።