እናትነትና የሴት ክብር፦ ከዘር ሐረግ እስከ ቤተ መንግሥት



በነባሩ ማኅበረሰባችን የሴት ክብር ከመውለዷ ጋር የተጣበቀው ለምንድን ነው? የተለመደው መልስ «እናትን ስለምናከብር ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ አያረካኝም። እናትን ማክበር ያልወለደችውን ዝቅ ማድረግን የግድ አያስከትልምና፤ ምክንያቱን ከስሜት ይልቅ በዘርና በርስት ሥርዓት ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

እዚሁ ከዋጫና ከቦንጋ እንነሣ። በከፋ ዘር የሚቆጠረው በአባት በኩል ነው። ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት የምትገባው የሌላ ጎሣ ልጅ ሆና ነው፤ መሬቱም የባሏ ወገን ነው። እርሷን ከዚያ መሬት ጋር የሚያስተሳስራት የዚያ ጎሣ አባል የሚሆነው ልጇ ነው። ባሏ ቢሞት ልጅ ያላት «የልጆቹ እናት» ተብላ በቤቷ ትቀመጣለች፤ የሌላት ግን በዘመዶቹ በጎ ፈቃድ ላይ ትወድቃለች። ጡረታ በማይታወቅበት ኑሮ ደግሞ በእርጅና የሚጦረው ልጅ ነው። «የእገሌ እናት» የሚለው መጠሪያ ከዚህ ተነጥሎ አይታይም። (አባትም «የእገሌ አባት» ይባላል፤ ያልወለደ ወንድ ግን በራሱ ስም ቢጠራ እምብዛም አያፍርም።)

ይኸው ሥርዓት ቤተ መንግሥትም ይገባል። በ1723 ዓ.ም. አፄ በካፋ ሲሞቱ እቴጌ ምንትዋብ በሕፃኑ ልጃቸው በኢያሱ ስም መንግሥቱን ያዙ፤ ዘውድም ጫኑ። በልጅ ልጃቸው በኢዮአስ ዘመንም በጎንደር ተሰሚነታቸው ቀጠለ። ችሎታቸው አያጠያይቅም፤ በሩን የከፈተላቸው ግን እናትነት ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በአንጻሩ ከአፄ ምኒልክ ልጅ አልወለዱም። አዲስ አበባን በመቆርቆር ቀዳሚ ነበሩ፤ በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር ይዘው ዓድዋ ዘምተዋል። ምኒልክ በሕመም ሲወድቁ ግን አልጋው ለንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ለልጅ ኢያሱ ተባለ፤ በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ እቴጌይቱን ከሥልጣን አገለሉ። ሌላም ምክንያት ነበር፤ ዘመዶቻቸውን መሾማቸውና መዳራቸው የሸዋን መኳንንት አስቆጥቶ ነበር። ሆኖም እንደ ምንትዋብ «የንጉሡ እናት ነኝ» ብለው የሚመክቱበት ጋሻ አልነበራቸውም።

ሕጉ ከልማዱ ቀድሟል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለፍቺ ከባድ ምክንያቶችን ሲዘረዝር አለመውለድን አላካተተም። መካንነት ከወንድም በኩል ሊመጣ እንደሚችል ሕክምና ካረጋገጠም ቆይቷል፤ ቢሆንም ጠበል ለጠበል የምትንከራተተው አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ ናት።

ማኅበረሰቡ መውጫ አላጣም። ሕጋችን ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል የወሰደው ከጎረቤታችን ከኦሮሞ ባህል ነው፤ በዚያ ሥርዓት የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አብራክ ልጅ ይቆጠራል፣ ይወርሳልም። ጥያቄው የደም ብቻ ሳይሆን የወራሽ ጭምር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም። ልብ በሉ፤ ጉዲፈቻም ቢሆን ሴቲቱን የሚያስከብራት እናት በማድረግ ነው። ልጅ ሳይኖራት በራሷ ስም ስለምትኖረው ሴት እንድንወያይ መድረኩን ለእናንተ እለቃለሁ።