የጠፈር መርከብ የሚሠሩ እጆች

ልጅ ሲጠይቅ ዝም የሚያሰኝ አባት ብዙ ነው፤ ጠይቆ እስኪረዳ ድረስ የሚታገሠው ግን ጥቂት ነው። እኛም ከብዙዎቹ ወገን ሆነን ስለ ኖርን፥ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ ሳይሆን የራሳችንን ስሕተት ለመናገርና ከርሱም የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ነው።

በቅርቡ በፍርድ ቤት ሥራ ምክንያት ወደ ጋምቤላ ወርደን ነበር። ሥራችንን ፈጽመን ለመመለስ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በደረስን ጊዜ፥ በደጋው ሰማይ ላይ ደመና ስለ ከበደ አውሮፕላኑ የሚዘገይ መሆኑን ነገሩን። የቆላውን ሙቀት በመሐረባችን እያራገብን ከተጓዦች ጋር ተቀመጥን። ከአጠገባችንም አንድ የተከበሩ ሹም ከባለቤታቸውና ስምንት ዓመት ከሚሆነው ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር።

ልጁ በአባቱ የእጅ ስልክ አንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ታሪክ ይመለከት ነበር። ታሪኩም ሰዎች በጠፈር መርከብ ተሳፍረው ከኮከብ ወደ ኮከብ ሲጓዙ የሚያሳይ ነው። ጥቂት ቆይቶም ሦስት ሰዎች በአንድ መድረክ ላይ እንደ ቆሙ ገላቸው ወደ ብርሃን ቅንጣት ተለውጦ ከዓይን ተሰወሩ። ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ፥ «አባዬ፥ እንዴት አድርገው ጠፉ?» ብሎ ጠየቀ። አባቱም፥ «ውሸት ነው ልጄ፤ እንዲህ ያለውን ከንቱ ነገር ተወው» ብለው ስልኩን ወስደው ወደ ኪሳቸው ከተቱት። ልጁ አልተከራከረም። አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ክር ይፈታና ያስር ጀመር።

እኛ ያንን አንገት መድፋት እናውቀዋለን። ልጃችን ዘጠኝ ዓመት በሆናት ጊዜ ከካርቶን፥ ከጠርሙስ ክዳንና ከቆርቆሮ ቁራጭ አንዲት የጠፈር መርከብ ሠርታ በምንጽፍበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልን ነበር። እኛም የችሎት መዝገብ ታቅፈን ደክመን ገብተን፥ ጠረጴዛው ስለ ተያዘብን ተቆጣንና ከቆሻሻው ጋር አስጣልናት። ልጂቱ አላለቀሰችም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በእጇ የሠራችውን አንድ ነገር እንኳ አምጥታ አሳይታን አታውቅም። ዛሬ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከጸጸታችንም የተነሣ፥ እነዚህ የጠፈር ታሪኮች እንዴት እንደሚሠሩ ማንበብ ጀመርን፤ ዘግይተንም ቢሆን የልጃችንን ሐሳብ ለማወቅ ስለ ፈለግን ነው።

ስለዚህ ወደ ሹሙ ዘወር ብለን፥ «ጌታዬ፥ ቢፈቅዱልን አሠራሩን ለልጁ እንንገረው» አልን። እርሳቸውም በመጠኑ እየተገረሙ ፈቀዱልን።

በዚያን ሰዓት አንዲት ሴት ወለሉን ትጠርግ ነበርና፥ በመስኮቱ በገባው የፀሐይ ጮራ ውስጥ ትቢያው እንደ ወርቅ እያብረቀረቀ ይወርድ ነበር። ልጁን ጠርተን፥ «ያ የሚያበራው ምንድን ነው?» ብንለው፥ «አቧራ ነው» አለ። «እንግዲያስ ሰዎቹ የጠፉበትን ብልሃት አገኘኸው» አልነው።

ነገሩም እንዲህ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጂን ሮደንበሪ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ «ስታር ትሬክ» ማለት «የከዋክብት ጉዞ» የተባለውን ታሪክ ባሰበ ጊዜ፥ መርከቢቱን በየሳምንቱ በአንድ አዲስ ዓለም ላይ ስታርፍ ማሳየት ከፍ ያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነበት። ስለዚህ መርከቢቱ በሰማይ እንደ ቆየች ሰዎቹ ብቻ በብርሃን ተለውጠው እንዲወርዱ ተደረገ። ብርሃኑንም ለማሳየት ሠራተኞቹ ካሜራውን ገልብጠው በጥቁር መጋረጃ ፊት የአልሙኒየም ዱቄት በጽኑ መብራት ውስጥ አዘነቡ፤ ይህንንም ሥዕል ከተጫዋቾቹ ሥዕል ጋር አዋሐዱት። ታሪኩ በአሜሪካ መጀመሪያ የታየው መስከረም 8 ቀን 1966 ነበር፤ እስከ 1969 ድረስም 79 ክፍል ሆኖ ቀረበ። ዓለም ሁሉ ያደነቀው ያ ብልሃት እንግዲህ የተገኘው ከገንዘብ ማነስ ነው።

በዚያችው መርከብ ውስጥ በሮች ሰው ሲቀርብ በራሳቸው ይከፈታሉ። ከግድግዳው በስተ ኋላ ግን ሠራተኞች ቆመው በእጃቸው ይስቧቸው ነበር፤ ሠራተኛው ጥቂት በዘገየ ጊዜም ተጫዋቹ ከበሩ ጋር ይጋጭ ነበር። የመርከቢቱ ሐኪም የሚይዛቸው እንግዳ መሣሪያዎችም ከገበያ የተገዙ የጨው መነስነሻዎች ነበሩ። ለአንድ ክፍል የጨው ዕቃ ሆነው እንዲታዩ ተገዝተው ነበር፤ ነገር ግን ቅርጻቸው ያልተለመደ ስለ ሆነ ተመልካቹ ምንነታቸውን አይለይም ተብሎ የሐኪም መሣሪያ ሆኑ። ልጁ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ፤ እናቱም አብረው ሳቁ።

በእንግሊዝ አገርም ከ1963 ጀምሮ «ዶክተር ሁ» የሚባል ተከታታይ ታሪክ አለ። በዚያ ውስጥ በዘመናት መካከል የምትጓዝ አንዲት ሰማያዊ ሣጥን አለች፤ ስትነሣም እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ ታሰማለች። ብራያን ሆጅሰን የተባለው የድምፅ ባለ ሙያ ይህን ድምፅ ያገኘው የእናቱን የቤት ቁልፍ በአንድ አሮጌ ፒያኖ ወፍራም ጅማቶች ላይ ፍቆ ነው። የበገና ጅማት ሲፋቅ ምን እንደሚል የሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸግረውም።

ሹሙ እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ሲያዳምጡ ቆይተው፥ «እንግዲያስ እርስዎም መሰከሩልኝ፤ ዱቄቱ ብርሃን፥ የጨው ዕቃው የሐኪም መሣሪያ እየተባለ ከቀረበ ውሸት ነው ማለቴ ምኑ ላይ ተሳሳተ?» አሉ።

ጥያቄው የሚገባ ነበር። እኛም ያደግንበትንና የምንኖርበትን ምስክር አድርገን መለስንላቸው። በችሎት ሐሰት የሚባለው፥ ምስክር ያላየውን አየሁ ብሎ ዳኛውን አሳስቶ ባልንጀራውን ሲጎዳ ነው። ተረት ነው ተብሎ የተነገረ ተረት ግን ማንንም አላሳተምና ሐሰት አይባልም። በቅኔ ቤትም ሰሙን አይቶ «ይህ አልሆነም» የሚል ተማሪ ቢኖር፥ መምህሩ ወርቁን ፈልግ ይለዋል እንጂ ቅኔውን አይጥለውም። የጠፈሩም ታሪክ ሰም ነው፤ ወርቁ ሰው ያልደረሰበትን ለመድረስ ያለው ምኞት ነው።

ለዚህም አንድ ነገር ጨመርንላቸው። በዚያችው መርከብ ላይ ከነበሩት መኰንኖች አንዷ ኒሼል ኒኮልስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሥራውን ልትተው አስባ ሳለ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝተዋት እንዳትተው አጥብቀው እንደ ለመኗት እርሷው ራሷ ተናግራለች። ያንን ታሪክ እያየች ያደገች ሜይ ጀሚሰን የተባለች ጥቁር ልጅም ሐኪም ሆነች፤ በ1992 ከጥቁር ሴቶች መጀመሪያ ሆና በእውነተኛ መንኰራኵር ወደ ጠፈር ወጣች። በ1993ም ከዚያው ታሪክ ተከታይ በሆነው ድርሰት በአንዱ ክፍል እንድትጫወት ተደረገ። የካርቶኑ መርከብ የብረቱን መርከብ እንደ ወለደ ከዚህ ይታወቃል።

ሹሙ አገጫቸውን እየዳሰሱ፥ «ይህ ሁሉ የባለ ጠጋ አገር ነገር ነው፤ ለኛ ምን ይሆነናል?» ብለው ሲናገሩ፥ እስከዚያ ዝም ብለው የነበሩት ባለቤታቸው፥ «ጌታዬ፥ ረሱት እንዴ? ይህ ልጅዎ ፊደል የለየው እኮ በቀጭኔዋ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ዝግጅት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ2005 ሲጀመር፥ አዘጋጇ ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ሆና በገዛ ቤታቸው ውስጥ አሻንጉሊት በእጃቸው እያጫወቱ ካሜራ አቁመው ይሠሩ ነበር። ፀሐይ የተባለችው ስድስት ዓመት የሆናት ቀጭኔ ናት፤ ድምፅዋም የአስተማሪዋ የብሩክታዊት ነው። ታሪኩ ስለ ጠፈር ባይሆንም የአሠራሩ ምሥጢር ከላይ እንደ ተናገርነው ነው፤ ከመጋረጃው በታች ክንዳቸው እስኪዝል ድረስ እጃቸውን አንሥተው የሚይዙ ሰዎች አሉ። በ2008ም በውጭ አገር ከታላላቆቹ ዝግጅቶች ጋር ተወዳድሮ ሽልማት አገኘ።

የጠፈር ታሪክም ቢሆን በአገራችንና በቋንቋችን ተሠርቷል። በ2015 የወጣው «ክራምብስ» የተባለው ፊልም፥ ትርጓሜው «ፍርፋሪ» ማለት ነው፥ በስፔናዊው ሚጌል ያንሶ አዘጋጅነት በአማርኛ የተሠራና 68 ደቂቃ የሚፈጅ ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ዋናዎቹ ተጫዋቾች ናቸው። ታሪኩ ዓለም ከጠፋች በኋላ ስለ ተረፉ ሰዎች ነው። በሰማይ ላይ ለብዙ ዘመን ቆማ የኖረች መርከብ በድንገት ስትንቀሳቀስ፥ ራሱን የሌላ ዓለም ተወላጅ አድርጎ የሚያስብ አንድ ሰው በርሷ ለመሳፈር መንገድ ይጀምራል። እኛ ዛሬ ለልጅ ገዝተን የምንጥለው የፕላስቲክ መጫወቻም በዚያ ዘመን እንደ ዕንቍ ይቈጠራል።

የፊልሙ ሠሪዎች እንግዳ ዓለም ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አላወጡም፤ ያለውን አስተውለው አዩ እንጂ። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የዳሎል ምድር፥ ብጫና አረንጓዴ ሆኖ የሚፈላው ጨውና ድኝ፥ ያለ ምንም ቀለም የሌላ ኮከብ ገጽ ይመስላል። ባቡር በ1902 የደረሰባት ድሬዳዋም ዝገው የቆሙ ፉርጎዎቿን አበደረቻቸው። ሌላው ሰው ፍርስራሽ ነው ብሎ ያለፈውን እነርሱ የወደ ፊት ዘመን አድርገው አሳዩት።

ልጁም፥ «እዚህ ጋምቤላስ የጠፈር መርከብ መጥቶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገር ግን ጥያቄው ሞኝነት አልነበረበትም። በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ሥፍራ ከተፈቀደ በኋላ፥ በክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ይመጡ ነበር፤ ቡና ጭነውም ይመለሱ ነበር። ያለ መቅዘፊያ ውኃውን ሽቅብ እየሰነጠቀች ጭስ የምትተፋ መርከብ፥ በመጀመሪያ ላያት የወንዝ ዳር ልጅ ከሰማይ ከመጣች የምታንስ አልነበረችም። በውስጧ ግን ላቡን እያንጠፈጠፈ እንጨት በእሳቱ ላይ የሚጨምር ሰው ነበረ። ድንቅ ነገር ሁሉ ከበስተ ኋላው የሚደክም ሰው አለው፤ ለልጅም መግለጥ የሚገባን ይህንን ነው። ድንቁን ብቻ ያየ ልጅ ተመልካች ሆኖ ይቀራል፤ የሚደክመውን እጅ ያየ ግን የራሱን እጅ ይመለከታል።

ልጁ ነገሩ እንደ ገባው ያየነው በንግግሩ አይደለም። የበላውን የብስኩት ካርቶን ከእናቱ ተቀብሎ ጎኑን ቀደደና በር አወጣለት፤ የሚያብረቀርቀውን ወረቀት ደግሞ በጣቱ እየቈራረጠ በመዳፉ ያዘ። ቀጥሎም ወደ አባቱ ቀርቦ፥ «አባዬ፥ እርስዎ ከኋላ ሆነው በሩን ይሳቡልኝ፤ እኔ ብርሃኑን አዘንባለሁ» አለ። ሹሙ ግራና ቀኝ ተመለከቱ፤ ሰዉ ሁሉ በየራሱ ነገር ተይዟል። ካባቸውን ሰብስበው በርከክ አሉና በሁለት ጣታቸው የካርቶኑን በር ሳቡ። «አባዬ፥ ዘገዩ! ሰውየው ተጋጨ!» ብሎ ልጁ ሲጮኽ፥ ሹሙ እንባቸው እስኪመጣ ድረስ ሳቁ። ለመሳፈር በተጠራን ጊዜ ካርቶኑን ይዘው ወደ አውሮፕላኑ ያመሩት አባቱ ነበሩ።

እኛም ወደ ቤታችን በገባን ማታ ልጃችንን ጠርተን፥ ከስድስት ዓመት በፊት ስላስጣልናት መርከብ ይቅርታ ጠየቅናት። እርሷም ብዙ ዝም ካለች በኋላ፥ «አባዬ ረስተውት ነበር ብዬ ነው እኮ» አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። በሦስተኛው ቀን ግን ከችሎት ስንመለስ በጠረጴዛችን ላይ ጥቂት የጠርሙስ ክዳኖች ተደርድረው አገኘን። ምን እንደሚሆኑ ገና አልነገረችንም፤ እኛም መዝገባችንን በጉልበታችን ላይ አድርገን መጻፍ ጀምረናል።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አባቶችና እናቶች፥ ልጃችሁ አንድ ድንቅ ነገር አይቶ «እንዴት ሠሩት?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፥ ብታውቁት ንገሩት፤ ባታውቁት አብራችሁ ፈልጉት። በካርቶንና በቆርቆሮ የሠራውንም ከመጣላችሁ በፊት ምን እንደ ሆነ ጠይቁት። ካርቶኑ ነገ ይቀደዳል፤ ልጁ ግን ሥራውን ለአባቱና ለእናቱ ማሳየት የለመደ እንደ ሆነ፥ አድጎም ከነርሱ የሚሰውረው ነገር ጥቂት ይሆናል።